እትዬ ሲቲና የዳውድ ቀሚስ

አማቴ እትዬ ሲቲ ወንድ የሚለኩት በዓይናቸው ነው። መርሳ ገበያ፣ ልብስ ሰፊዎች በሚደረደሩበት በረንዳ ላይ፣ በእግር ከምትረገጠው የስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ደንበኛውን አንዴ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያዩታል። "እስቲ ዙር" ይሉታል። ዞሮ ሳይጨርስ ጠመኔው ጨርቁ ላይ ነው። ሱሪው አልቆ ሲለበስ ልክ ይመጣል።

ይህን የለመዱት ወደው አይደለም። ባላቸው አብዱልሐሊም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ አንዲት ልጃቸው ኢብቲሳም ገና ትድህ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ መኪናዋን ሸጠሽ ጉሊት ተቀመጪ ብሎ መከራቸው። እትዬ ሲቲ አልሸጧትም። የሐዘን ጊዜያቸውን፣ ዒዳቸውን፣ እንደ ጨረሱ መኪናዋን ይዘው ወጥተው በባላቸው ቦታ ተቀመጡ። በዚያ በረንዳ ላይ ሴት ሰፊ ታይቶ አያውቅም። "ሴት ወንድ አቅፋ ልትለካ ነው?" የሚል ወሬ ተነሣ። አልተከራከሩም። ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በዓይን መለካት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሱሪ ቀሚስ መሰለ። ሁለተኛው ጠበበ። ሦስተኛው ልክ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሰባቸው ልብስ የለም።

እኔ ናስር እባላለሁ። ከመርሳ እስከ ግራና ባጃጅ እነዳለሁ። ኢብቲሳምን ያጨሁት ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት ነው። አሁን የማወራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ኢብቲሳም እየሳቀች ነግራኛለች። ያኔ እጮኛ ነበርኩና አማቴ ቤት እንደ ልቤ አልገባም ነበር።

በ2013 ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። ሰው ጓዙን ተሸክሞ በአስፋልቱ ወደ ደሴ መጉረፍ ያዘ። እትዬ ሲቲ በራቸው ላይ እንስራ አውጥተው ለመንገደኛው ውሃ ይሰጡ ነበር። ከመንገደኞቹ አንዱ ውሃውን ጠጥቶ መነሣት አቃተው። እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል። የጉባ ላፍቶ ሰው ነው፤ ወልድያ የሥዕል መምህር ነው፤ ስሙ አበባው።

"እግርህ ከዚህ አያልፍም፣ መምህር" አሉት። "ዛሬን እደር፤ የነገን ነገ እናያለን።"

ነገ ሲሆን መርሳም ተያዘች። መንገዱ ወደ ወልድያም ወደ ውርጌሳም ተዘጋ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ የእኔ ባጃጅ ቤንዚን አጥታ በሣር ክዳን ሥር ቆመች። አበባው እትዬ ሲቲ ቤት አራት ወር ተቀመጠ።

ይዞት የመጣው ሻንጣ ሲከፈት አንድ ሸሚዝ፣ ቁራሽ ሳሙናና ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ።

"ሰው ከጦር ሲሸሽ ይኼን ያህል ወረቀት ይሸከማል?" አሉት እትዬ ሲቲ።

"ሌላ የሚዘረፍ ንብረት የለኝም፣ እትዬ።"

በረንዳው ተዘግቶ፣ የስፌት መኪናዋም ጓዳ ውስጥ የጤፍ ጭድ ተከምሮባት ነበር። እትዬ ሲቲ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ሳምንት እንዳለፈ መቀመጡ ሲመራቸው "እስቲ ያን መጽሐፍህን አምጣው" አሉ። አበባው አመጣላቸው። መጽሐፉ ሥዕል ብቻ ነው፤ ከየመሐሉ ግን ብዙ ገጽ ልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ተደርጎበታል።

"እነዚህ ለምን ተቆለፉ?"

አበባው አፈረ። "እነዚያ... ልብስ የሌላቸው ናቸው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው የእኔ ደንበኞች አይደሉም" አሉና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

አበባው ማስተማር የናፈቀው ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ ነገራቸው። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በአውሮፓ ያሉ ሠዓሊዎች ጌጥና ቅብጠት የበዛበት ሥዕል ሰለቻቸው። የጥንት የግሪክና የሮማ ሐውልቶችን እያዩ ጥርት ያለ መስመር፣ ጥቂት ሰው፣ ረጋ ያለ ቀለም ይሻላል አሉ። ኒዮክላሲካል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዋናቸው ዣክ ሉዊ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው።

"ዳቪድ ማለት?"

"እኛ ዳዊት የምንለው ነው።"

"ዳውድ በለኛ" አሉ እትዬ ሲቲ፤ ሰውዬውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳውድ ሆኖ ቀረ።

እትዬ ሲቲ ሥዕሉን የሚያዩት እንደ ሰፊ ነው። ፊቱን ትተው ትከሻውን፣ ብብቱን፣ ጨርቁ የሚወድቅበትን ይከተላሉ። የዳውድን ጨርቅ ጣታቸውን እያስኬዱ ረጅም ጊዜ አዩት። "ይኼ ሰው ጨርቅ ያውቃል" አሉ። "ጥጡ ጥጥ ነው፤ ሱፉ ሱፍ ነው። ሳልነካው ክብደቱ ታወቀኝ።"

አንግር የሚባለው የዳውድ ተማሪ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። የሣላት ትራስ የተደገፈች፣ ሻርፕ የደረበች ወይዘሮ ናት። እትዬ ሲቲ ከኪሳቸው ክር አውጥተው የወይዘሮዋን ራስ ለኩ፤ በዚያው ክር ክንዷን ለኩ። ደግመው ለኩ።

"መምህር፣ ይችን ሴት እጅጌ የሚያዳርሳት የለም። ክንዷ ረዝሟል።"

አበባው መጽሐፉን ቀምቶ አየ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እትዬ፣ በዘመኑ የነበሩ አዋቂዎችም ይኼንኑ ነው ያሉት። እርስዎ በክር አገኙት። ግን ተሳስቶ አይደለም፤ መስመሩ ያምርልኝ ብሎ አውቆ ያስረዘመው ነው።"

እትዬ ሲቲ ክሩን እየጠቀለሉ አሰቡ። "እሱስ እኔም አንዱ ትከሻው ለወደቀ ሰው ትንሽ እዋሻለሁ" አሉ። "ይሁን፤ ይቅር ብዬዋለሁ።"

ከሁሉ የወደዱት አንጀሊካ ካውፍማን የተባለችውን ነው። አበባው እንደ ነገራቸው፣ ይህች ሴት ለንደን የሠዓሊዎች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መሐል ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። ወንዶቹ ሠዓሊዎች ሰው አቁመው የሰውነት ቅርጽ ሲማሩ ግን ነውር ነው ተብሎ ሴቶቹ አይገቡም ነበር።

"ታዲያ ወንድን እንዴት ሣለች?"

"ከሐውልት እያየች፤ ሰውም ለብሶ ሲሄድ እያየች። በዓይኗ ነዋ።"

"ልካቸው መጣላት?"

"አንዳንዱ፣ ወንዶቿ ሴት ይመስላሉ ብሎ ተችቷታል።"

እትዬ ሲቲ ሳቁ። "የእኔም የመጀመሪያዋ ሱሪ እንደዚያው ነበረች" አሉ። ኢብቲሳም እንደምትለው እናቷ ያን ዕለት ሲያንጎራጉሩ ዋሉ፤ ጦሩ ከገባ ወዲህ ዜማቸው ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ አበባው ሦስት ወንድማማቾች በአባታቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው በሰይፍ ሲምሉ የሚያሳየውን የዳውድን ሥዕል ገለጠላቸው። በጎን ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

"እነዚህ ምን ሆነው ነው?"

"ይችኛዋ የእነዚህ ወንድማማቾች እኅት ናት፤ የታጨችው ግን ለሚገጥሙት፣ ለወዲያኛው ወገን ነው። ያችኛዋ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ተወልዳ እዚህ ያገባች ናት። የትኛውም ቢያሸንፍ ያለቅሳሉ።"

ከግራና በስተጀርባ ከባድ መሣሪያ ይሰማ ነበር።

"ይኸው ዳውድ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታሰር ሌላ ሥዕል አሰበ" አለ አበባው። መቆንጠጫ ካለበት ገጽ አንዱን ከፈተ፤ በአንድ መዳፉ ግራውን፣ በሌላው መዳፉ ቀኙን ሸፈነና መሐሉን ብቻ አሳያቸው። ነጭ የለበሰች ሴት ሁለት እጇን ዘርግታ በሁለት ጦር መሐል ቆማለች። ባሏ በአንዱ በኩል፣ አባቷ በሌላው በኩል ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሕፃናቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ለምነዋል።

"አስታረቁ?"

"አስታረቁ።"

እትዬ ሲቲ ወደ ሴትየዋ ቀሚስ ተጠጉ። ከጡት ሥር የታሰረ መቀነት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ እግር የሚወርድ ነጭ ጨርቅ። "ቀላል ነው" አሉ ለራሳቸው። "ቅዱ ቀላል ነው። የተለፋበት እጥፋቱ ነው።"

ሰርጋችን የታሰበው ለመስከረም ነበር። የኢብቲሳም ቀሚስ ደሴ ታዝዟል፤ ደሴ ግን የሚደረስባት አልሆነችም። ግራና የሚያርሰው አባቴ ጁነይድ ሽማግሌ ልኮ "ሰላም እስኪወርድ ይቆይ" አለ። እትዬ ሲቲ የመለሱት ይህንን ነው፦ "ሰላምን ተቀምጠን ከምንጠብቃት ድረን ብንጠብቃት ምን ይላታል?" አባቴ መልሱን ሲሰማ "እች ሴትዮ አትቻልም" ብሎ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። የቀረው ቀሚሱ ነበር።

በቤቱ የነበረው ጨርቅ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነው። እሱም የእትዬ ሲቲ አይደለም። የሰፈሩ ቅሬ፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ማኅበራችን፣ ለከፈን ገዝቶ እሳቸው ዘንድ ያኖረው ነው። እትዬ ሲቲ ነጠላቸውን ደርበው የቅሬው አባት ሼህ ጀብሪል ቤት ሄዱ። ሼሁ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እኔም አባቴ ልኮኝ እዚያው ነበርኩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼህ። የቅሬውን አቡጀዲ ለልጄ ሰርግ ልለምንዎ መጣሁ።"

"ወዐለይኩም ሰላም። ለሙሽራ ከፈን ልታለብሻት?"

"ከፈን የሚሆነው ሬሳ ላይ ሲውል ነው፣ ሼህ። እስከዚያ ድረስ ጥጥ ነው።"

ሼህ ጀብሪል መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሓቸውን፣ እየቆጠሩ ቆዩ። እኔ እንቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"ጦሩ ከገባ ጀምሮ ያን ጣቃ ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ ማን እንደሚጠቀለልበት ነው" አሉ። "እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ውሰጂው። ከቅሬው የተሰጠ የሰርግ ስጦታ ይሁን። ለሞት ያልነውን ለሰርግ ብናውለው አላህ አይቆጣንም።"

መኪናዋ ከጭዱ ወጣች። አቡጀዲው ደረቅ ስለሆነ ኢብቲሳምና አክስቷ ነሲባ በአመድ ውሃ ደጋግመው አጥበው አለሰለሱት። ከዚያ እትዬ ሲቲ የማንም እናት ያልሠራችውን ሠሩ። ጨርቁን በጣታቸው ልክ እያጣጠፉ ሸነሸኑት፤ ሽንሽኑን በክር እየወጉ ሰበሰቡት፤ ቀጭን የስንዴ ሙቅ አጠጥተው እንደ ገመድ ጠመዘዙትና ደጅ ካለው ማንጎ ፈንጠር አድርገው ድንጋይ ጭነው ፀሐይ ላይ አደረቁት። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ እጥፋቱ እንደ ውሃ ወረደ። የዳውድ ሴት ክንዷ ራቁቱን ነው፤ እትዬ ሲቲ ረጅም እጅጌና የራስ መሸፈኛ ጨመሩ። አበባው በከሰል የግሪኮቹን ሐረግ፣ ማዕዘን እየሠራ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን፣ ነደፈላቸው፤ እሳቸው ከአሮጌ አረንጓዴ ሻሻቸው ቀደው ከታች ዙሪያውን ሰፉት። ነሲባ አይታ "የመስጊዱ ምንጣፍ ጠርዝ አይደል እንዴ?" አለች። ማንም አላረማትም።

የመኪናዋ ድምፅ ግን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ረፋድ ሁለት ታጣቂዎች ጥርጣሬ ይዟቸው ገቡ። ኢብቲሳም ጓዳ ተደበቀች። አበባው መጽሐፉ ላይ ተቀመጠበት። ታጣቂዎቹ ድምፁን ተከትለው ሲገቡ ያገኙት በነጭ ጨርቅ ክምር ውስጥ አንገታቸው ብቻ የሚታይ አንዲት ሴት ነው። ወጣቱ ታጣቂ ጨርቁን አይቶ ቆመ።

"ማን ሞተ?" አለ ዝግ ብሎ።

"ማንም አልሞተ። ልጄን እየዳርኩ ነው።"

ልጁ ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው መሬቱን አየ። "እንኳን ደስ አለዎት" አለና ወጡ። እትዬ ሲቲ መኪናዋን መርገጥ ቀጠሉ።

ኒካሑ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሆነ። ከበሮ አልተመታም፤ ሴቶቹ በጭብጨባና በለሆሳስ መንዙማ አሉ። ሥጋ አልነበረም። አባቴ ከግራና ሽንኩርትና ቲማቲም በአህያ ጭኖ መጣ፤ የሰርጋችን ወጥ ያ ነበር፤ እስካሁን የበላ ሰው ጣዕሙን ያወራል።

ኢብቲሳም ወጣች። እኔ የጠበቅሁት የሚያብለጨልጭ ነገር ነው፤ በየሰርጉ ያየሁት እሱን ነዋ። እሷ ላይ የሚያብለጨልጭ ምንም የለም። ከደረቷ ሥር መቀነት፣ ከዚያ ወዲያ እየፈሰሰ የሚወርድ ነጭ ጥጥ፤ ስትራመድ እጥፋቱ ይከፈትና ይዘጋል። ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ። "ማሻአላህ" ብቻ አልኩ፤ አጠገቤ የቆመው አባቴ በክርኑ ጎሰመኝ።

"የማን ሥራ ነው?" አሉ አንዲት የውርጌሳ ሴት።

"የዳውድ ነው" አለች ነሲባ።

"ዳውድ የቱ? የደሴው ሰፊ?"

"የለም፣ ሩቅ ነው ያለው።"

ፎቶ የሚያነሣን አልነበረም፤ የቀረ ስልክ ሁሉ ባትሪው ሞቷል። አበባው ማንጎው ሥር አስቀመጠንና በእርሳስ ሣለን። አንግርም ሮም ሳለ ሥራ ሲያጣ ኑሮውን የገፋው በእንዲህ ያለ የእርሳስ ሥዕል ነው ብሎ አጫወተን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። ሥዕሉ ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ጆሮዬን ትንሽ አግዝፎታል፤ ኢብቲሳም ግን ልኩ ነው ትላለች።

ከእኛ በኋላ ቀሚሱ አላረፈም። መቀነቱ ከጡት ሥር ስለሚታሰር ለወፍራሟም ለቀጭኗም ይሆናል። መንገዱ እስኪከፈት ድረስ አራት ሙሽሮች ተዳሩበት፤ አንዷ ከውርጌሳ በእግሯ መጥታ የወሰደችው ነች። እያንዳንዷ ስትመልሰው አጥባ፣ ሙቅ አጠጥታ፣ ጠምዝዛ ነው፤ እትዬ ሲቲ ያን ሳያስተምሩ አያውሱም ነበር።

በታኅሣሥ መንገዱ ተከፈተ። አበባው ወደ ወልድያ ሲመለስ እግሩ ድኗል። መሰናበቱ ለሁለቱም ቀላል አልነበረም። እትዬ ሲቲ ሸሚዝ ሰፍተውለት ነበር፤ አልለኩትም። እሱ መጽሐፉን ትቶላቸው ሊሄድ ሲል "የለም፣ ልጆቹ ይዩበት" ብለው መለሱለት። መቆንጠጫዎቹን ግን እንዳይረሳ አሳሰቡት።

በበልግ ላይ ትምህርት ቤቱ እንደ ነገሩ ተጠግኖ ሲከፈት አበባው ላከባቸው። ተማሪዎቹ ጨርቅ መሣል ስላቃታቸው እንዲያግዙት ነው። እትዬ ሲቲ ፊደል የቆጠሩት በጎልማሶች ትምህርት ነው እንጂ የቀን ተማሪ ቤት ገብተው አያውቁም። ወልድያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መስኮት ያልገባለት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጆች ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። እሳቸው ደንገጥ ብለው በሩ ላይ ቆሙ፤ ወዲያው ከዘንቢላቸው አቡጀዲ አወጡ። ትንሳኤ የምትባል ተማሪ ጠሩ፤ ትከሻዋ ላይ ጣሉት፤ ከደረቷ ሥር በመቀነት አሰሩት፤ በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

"ጨርቁን አትሣሉ" አሉ ለክፍሉ። "ትከሻዋን ሣሉ፤ ጉልበቷን ሣሉ። ጨርቁ ከዚያ ነው የሚመጣው።"

አበባው በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ይጽፍ ነበር። እትዬ ሲቲ በየመቀመጫው መሐል እየዞሩ በጣታቸው ወረቀት ላይ ያሳያሉ፤ አንዱን "ይኼ እጥፋት ከየት ተነሣ?" ይሉታል፤ ሌላዋን "በርቺ፣ ይኼ ሱፍ ነው የመሰለው፣ ጥጥ አርጊው" ይሏታል።

ስንመለስ ባጃጇ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው አቡጀዲውን ያጣጥፋሉ።

"እንዴት ነበሩ ልጆቹ?" አልኳቸው።

"ሰባቱ ያያሉ" አሉ። "ሌሎቹ ገና ናቸው። ለሚመጣው ማክሰኞ ሌላ ተሳፋሪ እንዳትይዝ፣ ወልድያ እኔን ነው የምትወስደው።"